ስሙ የወደቀ ወጥ

«ማስታወቂያ! ከግንቦት አንድ ቀን ጀምሮ በዚህ ፍሪዘር ውስጥ ስም፣ ቀንና የወጡ ዓይነት ያልተጻፈበት ዕቃ ማስቀመጥ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን እናስታውቃለን። የእስላም በቀኝ፣ የክርስቲያን በግራ፣ ዓሣ በመሐል። ይህን የተላለፈ ወጡ ከነዕቃው ይወገዳል።»

ከሥሩ ፊርማ አለ። ከፊርማው ጎን በእስክርቢቶ የተሠራ ክብ አለ፤ ማኅተም መሆኑ ነው። «እናስታውቃለን» ያሉት ጋሼ አስረስ ብቻቸውን ናቸው። ሠላሳ ዓመት የቀበሌ ጸሐፊ ሆኖ የኖረ ሰው «አስታውቃለሁ» ማለት ይከብደዋል።

ሰሚሃ ማስታወቂያውን ሳታነብ ክዳኑን አነሳችው። ማክሰኞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ከትምህርት ቤት የመጣችው እግሯን እየጎተተች ነበር። ነገ የስምንተኛ ክፍል ሞዴል ፈተና ይጀመራል። እናቷ ፈዲላ ጤና ጣቢያ አድራ፣ እዚያው ውላ፣ አሁን ገና ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሏታል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተመልሳ ትገባለች። ከጦርነቱ በኋላ የቀሩት ነርሶች ሦስት ብቻ ናቸው። አባቷ ሙነወር ውጫሌ እህል መጋዘን ስለሚሠራ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው።

ፍሪዘሩ የጋሼ አስረስ ሟች ባለቤት ከሐይቁ የሚወጣውን ዓሣ ይነግዱበት የነበረ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በከተማዋ ውስጥ ከፍራሽ እስከ ማንኪያ ሲዘረፍ፣ እሱ የተረፈው በጀግንነት አይደለም። መብራት ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ ዓሣው ደግሞ ውስጡ ነበር። ዘራፊዎቹ ክዳኑን ከፈቱ፣ ተያዩ፣ ዘጉት። አንዱማ አጥር ሥር ሄዶ አስመለሰው ይባላል። እንዲህ ሆኖ የግቢው ብቸኛ ፍሪዘር ለመሆን በቃ። አሁን አራቱም ቤት ይጠቀምበታል።

ከሁሉም በላይ የምትጠቀምበት ሰሚሃ ናት። ፈዲላ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የምግብ ሥዕል እያሳየች «አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ዘይት ቀነስ» ስትል ትውልና፣ ቤቷ መጥታ ዳቦ በሻይ ነክራ ትተኛለች። ባለፈው ወር ሥራ ላይ እያለች ራሷን ስታ ወደቀች። ሰሚሃም ሪፎርም አወጀች፤ አገሩ ሁሉ ሲያውጅ እሷን ማን ከለከላት? እሑድ እሑድ ምስር፣ ክክ፣ ጎመንና አንድ የሥጋ ወጥ ሠርታ፣ ለየቀኑ ከፋፍላ ታቀዘቅዛለች። እናቷ የምትበላው እሱን ነው፤ ከበላችም ሰሚሃ ቁጭ ብላ ካስገደደቻት ነው።

በዚህ እሑድ ግን መብራት ጠፍቶ ሰኞ ማታ ነው የመጣው። የሰሚሃ ሪፎርምም ተቋረጠ። ካለፈው ሳምንት የተረፈው አንድ ሥጋ ወጥ ብቻ ነበር። በረዶው ቀልጦ፣ የስም ወረቀቶቹ ረጥበው ወድቀው፣ የፍሪዘሩ ወለል ላይ እንደ ገንፎ ተለውሰዋል። ዕቃዎቹም ከቀኝና ከግራ ተንሸራተው መሐል ተገናኝተዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ነጭ፣ ክዳናቸው ውስጡን የሚያሳይ ሰማያዊ። እርዳታ ሲታደል ለየቤቱ አምስት አምስት የተሰጠ ነው። በክዳኖቹ ውስጥ ስታይ ቀይ ወጥ ያለበት አንድ ብቻ ሆነ። «የኔ ነው» አለችና ይዛው ሄደች።

ድስቱ መፍላት ሲጀምር የቂቤው ሽታ ቤቱን ሞላው። ፈዲላ ዓይኗን ሳትከፍት ተናገረች።

«ሰሚዬ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው? ወላሂ ዛሬስ ሆዴ እህል አማረው።»

«ትንሽ ተኚ ኡሚ፣ እቀሰቅስሻለሁ።»

ሰሚሃ ደስ እያላት በጭልፋ አማሰለችው። ከዚያ እጇ ቆመ። እንደገና አማሰለች፤ ከሥር ወደ ላይ እያወጣች አየች። ካሮት የለውም። እሷ ለእናቷ ስትል ሥጋ ወጥ ውስጥ ካሮት እየከተፈች ትጨምራለች፤ ቂቤ ደግሞ ከገዙ ቆይተዋል።

ጎረቤቷና የክፍል ጓደኛዋ ሰላማዊት የሂሳብ ደብተሯን ይዛ ገባች። «ጥያቄ አሥራ ሁለት አናቴን አዞረው። ሠራሽው?»

«ቀስ በይ፣ ተኝታለች። እስቲ ይህን እዪው፤ ካሮት የለውም።»

«እና ምን ይሁን? የካሮት ልቅሶ እንቀመጥ?»

«የኔ አይደለም ማለት ነው።»

ሰላማዊት ድስቱን አየች፤ አፏን በእጇ ያዘች። «የጋሼ አስረስ ነዋ! ቀትር ላይ ለምሳ ስመጣ አንድ ዕቃ ሲያወጡ አይቻቸዋለሁ። ያንቺን ወስደውታል!» ሳቋ መጣ፤ የሰሚሃን ፊት ስታይ ዋጠችው። «እሺ፣ አታካብጂ። የክርስቲያን ሥጋ መሆኑን እናትሽ በምን ታውቃለች? ሳያውቁ ለበሉት ኃጢአት የለውም ትሉ የለ?»

«እሷስ አታውቅም።»

«በቃ!»

«አቅራቢዋ እኔ ነኛ፤ እኔ ደግሞ አውቃለሁ።»

ሰሚሃ ወደ እናቷ ዞረች። ከስንት ቀን በኋላ ነው በአፏ «አማረኝ» ያለችው። ጭንቅላቷ ወደ ትከሻዋ ወድቋል፤ አንገቷ ቀጥኗል። ሌላ ወጥ የለም። ሽሮ ለመሥራት ሽንኩርቱ መከተፍ አለበት፣ ድስቱ መታጠብ አለበት፣ ጥያቄ አሥራ ሁለትም አልተሠራም። መላ አካሏ «አቅርቢውና ይለቅ» ይላታል።

ምድጃውን አጠፋችው። ወጡን ወደ ነጩ ዕቃ መለሰች። ድስቱን በላርጎና በሙቅ ውኃ ሦስት ጊዜ አጠበችው።

«አንቺ ልጅ ግን አድክመሽ ትገድይኛለሽ» አለች ሰላማዊት፤ ቢላዋ አንስታም ሽንኩርቱን መላጥ ጀመረች።

ፈዲላ ስትነቃ ሽሮው ቀርቦ ነበር። አሸተተችው። «የቅድሙስ?»

«የሰው ነው ኡሚ። ተሳስቼ ነው ያወጣሁት።»

ፈዲላ ልጇን ትንሽ አየቻት። «እሰይ፣ ደግ አደረግሽ» አለችና ቢስሚላህ ብላ ጀመረች። ግማሹን በላች። ግማሽ ነው፤ ቢሆንም ሰሚሃ ጉርሻ በጉርሻ ቆጥራዋለች። ከዚያ ፈዲላ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ሥራ ወጣች።

አሁን የቀረው ከባዱ ነው። የእስላም ሥጋ በልተዋል ብሎ ለጋሼ አስረስ መንገር። በማስመሪያ አስምረው ማስታወቂያ ለሚለጥፉ ሰው!

በራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ያንን የመሰለ ነጭ ዕቃ ጉልበታቸው ላይ ነው። በመጨረሻዋ እንጀራ ጠርዙን ይጠርጋሉ። የዕቃው ከንፈር ላይ አንዲት የካሮት ቁራጭ ተጣብቃለች።

«ጋሼ፣ ይህ የርስዎ ነው። በስህተት አሙቄው ነበር፤ አልበላነውም። እርስዎ የበሉት ደግሞ… የኛ ነው። ሥጋው…»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ነው ያወቁት?»

«ክዳኑን የከፈትኩ ዕለት… ማለቴ የከፈትኩ ሰዓት። በዚህ ግቢ ሥጋ ወጥ ውስጥ ካሮት የሚጨምር ካንቺ በቀር ማን አለ?»

ካሮቷን አንስተው ወደ አፋቸው አደረጓት። ቀስ ብለው አኘኳት። ሰሚሃ ከኋላቸው ያለውን ቤት አየች፤ ጥግ ላይ አንድ ድስት፣ አንድ ሰሃን፣ አንድ ብርጭቆ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚሠሩትም የሚበሉትም ራሳቸው ናቸው። «እያወቁ? ከዚህ በፊትም?» ልትል ነበር፤ ተወችው።

«እሑድ ምስር ስሠራ ለርስዎም አንድ ዕቃ አስቀምጣለሁ» አለች።

«ማን ለመነሽ?»

«ማንም።»

ከኋላ የነጠላ ጫማ ድምፅ መጣ፤ ሰላማዊት ናት። ሰሚሃ ባዶውን ዕቃ ከጉልበታቸው ላይ አነሳችና የግቢው የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ነከረችው፤ ቀዩ ቅባት በውኃው ላይ ተንሳፈፈ።

«እንዴ፣ አጠብሽው? የትኛው እንደሆነ ሳናይ!» አለች ሰላማዊት።

«ባዶ ነበር። ምኑ ይታያል?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩን እንጂ። የበሉት ካሮት ነበረው?»

ጋሼ አስረስ ሰሚሃን አዩዋት፤ እሷ ዕቃውን ማጠቧን ቀጠለች። ከዚያ ተነሡ፣ ፍርፋሪውን ከጋቢያቸው ላይ አራገፉ።

«በልቻለሁ» አሉ። «ከዚህ ሌላ የምሰጠው ማብራሪያ የለም።»