አላችሁ ወይ?

ማሽላው ወተቱን ጨርሶ መጠንከር ሲጀምር ሀብተየስ በየዓመቱ የሚያደርገውን አደረገ። የወንጭፉን ጠፍር ለወጠ፣ ከወንዝ ዳር ድቡልቡል ጠጠር እየመረጠ በማዳበሪያ ከረጢት ሞላ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ቋጠረ፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ከልጁ ከዘርትሁን ጋር ወደ አፋፉ ወረደ። የመንደሩ ማሽላ የተዘራው እስከ ገደሉ ጫፍ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚታረስ መሬት የለም፤ ቋጥኝ፣ ቁጥቋጦና ጥልቅ ሸለቆ ብቻ ነው። ሸለቆው የዝንጀሮ አገር ነው፣ ዝንጀሮ ደግሞ የሰው ልፋት የሚበስልበትን ቀን ከባለቤቱ ቀድሞ ያውቃል።

ስለዚህ በአፋፉ ላይ በየዓመቱ አራት ማማ ይቆማል። በረጃጅም ቋሚዎች ላይ እንጨት ተረብርቦ ሣር ይከደንበታል፣ መውጫው መሰላል ነው። ሰኞ የወጣ ጠባቂ እስከ ቅዳሜ ቤቱን አያይም፤ ቀን ዝንጀሮ፣ ማታ ከርከሮና ጃርት አለ። አንዱ ማማ ከሌላው ስለሚርቅ ሥራው የሚሄደው በድምፅ ነው። የመጀመሪያው ጠባቂ በየጊዜው «አላችሁ ወይ?» ብሎ ይጣራል፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው በተራቸው «አለሁ» ይላሉ። አንድ መልስ ከቀረ ሁሉም ዱላውን ይዞ ወደዚያ ይሮጣል። ሁሉም ከመለሱ ግን ከማማው የሚወርድ ሰው እንዳይኖር ነው ደንቡ። በለቀቀው በኩል መንጋ ከገባ ያ ሰው ከደቦ ይወጣል። ከደቦ የወጣ ሰው ብቻውን ያጭዳል፣ ብቻውን ይወቃል፣ ልጁን ሲድርም ዳስ የሚጥልለት አያገኝም።

ዘንድሮ ዕጣው አንደኛውን ማማ ለይርዳው ሰጠ። ይርዳው የሀብተየስ ጎረቤት ነው፣ አፉ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ማማው ላይ እንደወጣ ለስላሳ ሣር እያመቻቸ «መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ!» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። ሁለተኛው ለሀብተየስ ደረሰው። ሦስተኛው ለእትዬ አስካለ፣ ደረቷን ሳል ለማይለቃት ባልቴት። አራተኛው፣ ከገደሉ አፍ ላይ የቆመው፣ የሀብተየስን ሁለተኛ ማሳ ለምትጠብቀው ለዘርትሁን ወጣ።

ሀብተየስ ይህን አልወደደውም። ዘርትሁን አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤቷን የምትጠብቅ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ እናቷን ከቀበሩ ወዲህ እሱ ያለ እሷ፣ እሷም ያለ እሱ ሰው የላቸውም። መሰላሉ ሥር ቆሞ አንገራገረ።

«ልጄ፣ የታችኛውን እኔ ልያዘው። አንቺ ከኔው ማማ ሁኚ።»

«አባዬ፣ ዕጣ ዕጣ ነው። ደግሞ ዝንጀሮ ልጠብቅ እንጂ ነብር ልጠብቅ አልወጣሁም» አለችና እየሳቀች ወጣች።

የሰኞው ቀን ደህና ዋለ። ሀብተየስ ሸለቆውን ከዓይኑ ይልቅ በጆሮው ነው የሚያውቀው። ንጋት ላይ ቆቅ ታስካካለች፣ ከእሷ በፊት የዘገየ ጅብ አንዴ አጉረምርሞ ወደ ዋሻው ይገባል፣ ከዚያ የመንጋው ዘበኛ የሆነው ወንድ ዝንጀሮ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ይጮኻል። ሰው ሲያይ አጭር ነው ጩኸቱ፣ ውሻ ሲያይ ይደጋግመዋል፣ ነብር ሲያይ ደግሞ ግልገሎቹ ሁሉ ተቀብለው ሸለቆውን ያናውጡታል። የነብሩን ድምፅም ሀብተየስ ያውቀዋል፣ ደረቅ ግንድ በመጋዝ እንደሚቆርጥ ሰው ነው። ያን ቀን መንጋው ሁለቴ ሞክሮ ሁለቴ በወንጭፍ ተመለሰ። ማታ ላይ የዘርትሁን «አለሁ» ከታች ቀጠን ብሎ ሲመጣ ሀብተየስ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ።

ማክሰኞ ጉም ከሸለቆው ወጣ። በዚህ ወር ጉም አዲስ ነገር አይደለም፣ ይህ ግን እርጥብ አፈርና የቆየ ቆዳ ዓይነት ሽታ ነበረው፣ ሲወጣም በቀስታ፣ ማሽላውን ዘለላ በዘለላ እየዋጠ ወጣ። ረፋዱ ላይ ሀብተየስ የገዛ መሰላሉን ግርጌ ማየት አቃተው። ያኔ ነው ዝንጀሮዎቹ የጮኹት። በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቅ ጩኸት ነበር፤ የሰውም፣ የውሻም፣ የነብርም አልነበረም። ትልቁም ትንሹም በአንድነት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰዎች እንደሚያላዝኑት አላዘኑ። ከዚያ በወዲያኛው ዳገት ላይ ድንጋይ ሲንኳኳ፣ መንጋው አገሩን ለቅቆ ሲወጣ ተሰማው፣ ከዚያ በኋላ ምንም አልነበረም። ለዝንጀሮ ጠባቂ ከዚህ የበለጠ የምሥራች የለም፤ ሀብተየስ ግን ደስ አላለውም፣ እንዲያውም ፈራ።

ከቀትር በኋላ ከማማው በታች፣ ከገደሉ ወገብ አካባቢ፣ ቆቅ አስካካች። ጥቂት ቆይቶ ከዚያው ቦታ ነብር መጋዙን ሳበ። ከዚያ ጅብ፣ ገና በቀን። ከዚያ ወንዱ ዝንጀሮ። ሀብተየስ ነብርና ቆቅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተራ ሲጠባበቁ አይቶ አያውቅም። ድምፆቹ በመጀመሪያ ትንሽ ይጎድላቸው ነበር፤ የጅቡ መጨረሻው ላይ ይሰበራል፣ የነብሩ ትንፋሽ ይረዝማል። እንደገና ሲመጡ ተስተካክለው መጡ። እዚያ ታች የሆነ ነገር እየተለማመደ ነበር።

ረቡዕ ጉሙ አልተነሣም። ሰው ሰውን ማየት ስላልቻለ ይርዳው ጥሪውን አበዛው፣ የሀብተየስም ጉሮሮ በዚያው ልክ ተላላጠ። ገደሉ ድሮም ድምፅ ይመልሳል፤ «አለሁ» ካልከው ትንፋሽ እስክትስብ ድረስ «አለሁ» ይልሃል። ያን ቀን ግን ሁለት ጊዜ መለሰ። አንዱ እንደ ወትሮው ነበር። ሁለተኛው በጣም ዘግይቶ፣ ከቅርብ፣ «አ… ለ…» ብሎ ተንገዳግዶ ቀረ። በሚቀጥለው ጥሪ ቃሉን ጨረሰው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጥርት አድርጎ አለው። ማታ ላይ ሁለተኛው ጭራሽ አልመጣም፣ ሀብተየስም ተገላገልኩ ብሎ አማተበ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሱ ግን ጠርጥሮም የሚያደርገውን አላወቀም።

«ሀብተየስ! ድምፅህን ዝንጀሮ በላብህ ወይ?» ሲል ይርዳው ከላይ ሳቀበት።

ሐሙስ ጠዋት የመጀመሪያው ጥሪ መጣ። ሀብተየስ እንደምንም፣ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ እያለ መለሰ። እትዬ አስካለ «አለሁ» አለች፣ አስከትላም ሁለት ጊዜ ሳለች፣ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። ዘርትሁን መለሰች። በሁለተኛው ጥሪ አስካለ «አለሁ» አለች፣ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። በሦስተኛው እንዲሁ። በአራተኛው ሀብተየስ ሌላውን ሁሉ ትቶ እሷን ብቻ አዳመጠ፤ ቃሉ ያው፣ ርዝመቱ ያው፣ ሳሉም በዚያው ቦታ ያው። የታመመ ደረት እንዲህ አይስልም። ሳል እንደ ልጅ ነው፣ በታዘዘበት አይቆምም።

መውረድ ፈለገ። እግሩን መሰላሉ ላይ አድርጎ ደንቡን አሰበ፦ ሁሉም መልሰዋል። ለእትዬ አስካለ ሳል ብሎ ማማ ጥሎ የወረደ ሰው የመንደር መሳቂያ ይሆናል፣ እህሉ ከጠፋም ከደቦ ይወጣል። እግሩን መልሶ ሰበሰበ። በዚያ ስለተቀመጠባት ሰዓት በኋላ ራሱን ረገመ።

«አላችሁ ወይ?» አለ ይርዳው ለአምስተኛ ጊዜ።

ሀብተየስ አፉን ከፈተ። ከጉሮሮው የወጣው ነፋስ ብቻ ነበር። ደግሞ ሞከረ፣ ያው ነፋስ። እንግዲያው መልስ ይቀራል፣ ይርዳው ይሮጣል፣ ሰው ይመጣል ብሎ ሲያስብ፣ ከማማው ሥር፣ አንዲት የማሽላ ቅጠል ሳትነቃነቅ፣ የራሱ ድምፅ፣ ያውም የሰኞው፣ ያልሻከረው፣ «አለሁ!» ብሎ መለሰለት።

አስካለ ሳለች። ዘርትሁን፣ ከታች፣ ከሩቅ፣ «አለሁ» አለች።

እሷ ገና አለች። ሀብተየስ የሰማው ይህን ብቻ ነው፣ መሰላሉንም አልተጠቀመም። በወዲያኛው ጎን ዘለለና በማሽላው መካከል፣ ቅጠሉ ፊቱን እየገረፈው፣ ቁልቁል ሮጠ። ሦስተኛው ማማ ሥር ሲደርስ አንዴ ቀና አለ። የአስካለ ነጠላ ከጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ የሁለት ቀን ጤዛ ያንጠባጥባል። ዳቦዋ ከነሰፌዱ ተቀምጧል፣ ሻግቷል። ደም የለም፣ የተሰበረ ነገር የለም፤ ያ የቆየ ቆዳ ሽታ ብቻ እንጨቱ ላይ ቀርቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሁን ማወቁ ለእሷ ምንም አይጠቅማትም። ወደ ልጁ ሮጠ።

አራተኛው ማማ በጉሙ ውስጥ ጥቁር ጥላ ሆኖ ቆመ፣ በላዩም የሰው ጥላ ነበር። የሀብተየስ ዕንባ መጣ። «ዘርትሁን» ሊል ፈልጎ «ህህህ» አለ።

«ማነው?» አለች ከላይ።

«እኔ ነኝ፣ አባትሽ» ሊላት ሞከረ። የወጣው ያው ነፋስ ነበር። እጁን አነሣላት፣ ግን ከዚያ ከፍታ ጉም ውስጥ የሚታየው ጋቢ የተከናነበ፣ የጎበጠ፣ የሚያቃስት ነገር እንደሆነ ገባው። መሰላሉን ያዘ።

ዘርትሁን ፊቷን ወደ ሁለተኛው ማማ አዞረች። «አባዬ!» ብላ ጮኸች።

«አለሁ!» አለ የአባቷ ድምፅ ከላይ፣ ጥርት ብሎ።

ልጅቷ ወደ ታች ጎንበስ አለች፤ ወንጭፉን በእጇ እንደያዘች ሀብተየስ አየ። «አባቴ ማማው ላይ ነው» አለችው፣ ፍርሃቷን እየዋጠች። «መልስ ሲሰጥ ሰምቻለሁ። ሂድ፣ የመጣህበት ግባ።»

ሦስት እርከን ወጣ። በአራተኛው ላይ ጠጠሩ ግንባሩን አገኘው። እሱ ራሱ ከወንዝ ዳር የመረጠው ድቡልቡል ጠጠር ነበር፣ ወንጭፍ ያስተማራትም እሱ ነው፣ አትስትም። ማሽላው ውስጥ በጀርባው ወደቀ፣ ቁርጭምጭሚቱም ከሥሩ ተጠመዘዘ። ደሙ ዓይኑን ሲሞላው ያ ድምፅ ከላይ እንደገና መጣ፤ አሁን ማንም ያላስጠናውን ቃል ይዞ፣ ልክ ሀብተየስ ማታ ማታ ወደ እራት እንደሚጠራት፦

«ዘርትሁን፣ ነይ ልጄ። አትፍሪ፣ ነይ።»

«መጣሁ አባዬ!» አለች። ወዲያኛው ጎን ስትዘል፣ እግሯ መሬት ሲነካ፣ ቅጠሉ እየተሰነጠቀ ሽቅብ ስትሮጥ ሰማ።

ሀብተየስ በክርኑ እየተሳበ የወደቀ የውሃ ጀሪካን አገኘና በድንጋይ ይደበድበው ጀመር፣ እንድትዞር፣ እንድትቆም፣ ይርዳውም እንዲደርስላት። ጀሪካን የሚደበደበው ዝንጀሮ ሲመጣ ነው። «በርቱ! አባሩት!» አለ ይርዳው ከሩቅ፣ ደስ ብሎት፤ እሱም የራሱን ጀሪካን ያዘና ያንኳኳ ጀመር። በዚያ ጫጫታ መካከል የልጅቷ ሩጫ እየራቀ ሄደ። ሀብተየስ እጁን ሰብስቦ ሲያዳምጥ ሩጫው ቆሟል። ጩኸት አልነበረም። ቅጠል እንኳ አልተንኮሻኮሸም።

ብዙ ጊዜ ያለፈ መሰለው። ጉሙ ፊቱ ላይ እርጥብ ነበር፤ እግሩን ሊያቆም ሞክሮ ተመልሶ ወደቀ። ይርዳው ጀሪካኑን አስቀምጦ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«አላችሁ ወይ?»

ከሁለተኛው ማማ የሀብተየስ ድምፅ «አለሁ» አለ። ከዚያው ከሁለተኛው ማማ የአስካለ ድምፅ «አለሁ» አለና አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር ሳለ። ሀብተየስ ባዶውን አራተኛ ማማ ሽቅብ እያየ ትንፋሹን ያዘ፤ ይህች አንዲት መልስ ብትቀር ይርዳው ይሮጣል።

ከዚያም ከዚያው ከሁለተኛው ማማ ልጁ፣ እንደ ሰኞው ቀጠን ባለ ድምፅ፣ «አለሁ» አለች።