ቲማቲም ብቻ የሚያውቅ እጅ

የብረቱ እጅ ቲማቲሙን ጨበጠና ቆመ። አላፈረጠውም፣ አልጣለውም። የፈጠራ ውድድሩ አዳራሽ በጭብጨባ ተናጋ። ማብሪያውን የተጫነው ሊቁም የተሾመ ይመስል ደረቱን ነፍቶ እጅ ነሳ።

ቀጮ ግን አላጨበጨበችም። ዓይኗ ትንሿ አምፖል ላይ ተተክሏል። ሴንሰሮቹን በጣቶቹ ጫፍ ላይ የሰፋችው እሷ ናት፤ ጥቁር ስፖንጅና ቀጭን ሽቦ ናቸው። ስፖንጁ አንድ ነገር ሲነካ አምፖሏ መብራት፣ ሞተሩም መቆም አለበት። አምፖሏ አልበራችም። ቀጮ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ስር አየች። የሴንሰሮቹ ገመድ ተነቅሏል።

«ምን አድርገህ ነው?» አለችው በሹክሹክታ።

«ጠዋት ስሞክረው አንዴ ይሰራል፣ አንዴ እምቢ ይላል። የቲማቲሙን ስፋት ለካሁና እዚያ ላይ ሲደርስ እንዲቆም አደረግኩት። ማን ያውቃል? ዝም በይ በናትሽ።»

ካሸነፉ ሁለቱም የክረምቱን ስልጠና ያገኛሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ያወሩት ስለዚያ ብቻ ነው። እሱ አፈኛ፣ እሷ ባለ እጅ ሆነው ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አልተለያዩም። ዝም ብትል ምን አለበት?

ይሄኔ ዳኛዋ ከወንበራቸው ተነሱ። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲጠግኑ የኖሩ ኢንጂነር ናቸው።

«ስንት ማሽን ፈትቼ ገጥሜአለሁ፣ አንዱም ሰላም ብሎኝ አያውቅም» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «እስቲ ይሄኛው ይጨብጠኝ።»

ሰው ሳቀ። የሊቁ ፊት አመድ መሰለ። የሴትየዋ መዳፍ ከቲማቲሙ ይሰፋል፤ የብረቱ እጅ ደግሞ የቲማቲሙ ስፋት ላይ እስኪደርስ መጭመቁን አያቆምም። ባለፈው ሳምንት ያለ ሴንሰር ሲሞክሩት የቆርቆሮ ጣሳ አጣጥፎ ጥሏል።

«ባትሪው… ደክሟል መሰለኝ» አለ ሊቁ።

«ለአንድ ሰላምታ አያንስም።» ኢንጂነሯ የብረት ጣቶቹን ከፍተው ቲማቲሙን አወጡና መዳፋቸውን በመሀላቸው አስገቡ። «በል ተጫነው።»

ሊቁ ጣቱን ማብሪያው ላይ አሳረፈ። አዳራሹ ሁሉ እሱን ያያል።

ቀጮ የባትሪውን ሽቦ መዥረጥ አድርጋ ነቀለችው።

«እጅዎን ያውጡ» አለች። «አይሰማውም። ሴንሰሩ አልተሰካም። ቲማቲሙን ያላፈረጠው ስፋቱን ለክተንለት ነው።»

«ጉድ ሰራሽኝ» አለ ሊቁ ጥርሱን ነክሶ።

ኢንጂነሯ እጃቸውን ቀስ ብለው አወጡ። «ሴንሰሩን የሰራው ማነው?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ። ጠዋት እምቢ ብሎ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አላውቅም።»

ቀጮ ምን እንደሚሏት ሳትጠብቅ ጎንበስ ብላ የሴንሰሮቹን ገመድ ሰካች፤ የባትሪውንም ሽቦ መለሰች። ሊቁ ጥሏት ይሄዳል ብላ ነበር፤ አልሄደም። ቲማቲሞቹን ካመጡበት ፌስታል ውስጥ ትልቁንና በጣም የበሰለውን መርጣ በጣቶቹ መሀል አስቀመጠችው።

«ከፈረጠ ሸሚዝህ ይበላሻል» አለችው። «ተጫነው።»

ዓይኗን ከአምፖሏ ላይ አልነቀለችም።