ባቱን የጨበጠው

ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ... ከወዲሁ እለፉት። ነርሷን ማራናታን አውቃታለሁ፤ ውሸት አይሆንላትም።

ቤቴል፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ጠራራ ፀሐይ።

አቶ ገረሱን የቤተክርስቲያናቸው ሰዎች ተሸክመው አስገቧቸው። አስኮ ፌርማታ ላይ ባጃጅ ተገልብጦ ግራ ባታቸውን ተጭኖት ነበር።

ራጅ ተነሱ። አጥንቱ ደህና ነው።

«ያምዎታል?» አለቻቸው ማራናታ።

«በኢየሱስ ስም ድኛለሁ!» ፈገግ አሉ።

«አሜን!» ክፍሉ ተናጋ።

እንግዲህ የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ሆነው፣ በምእመን ፊት «ድኛለሁ» ካሉ በኋላ «አመመኝ» ማለት የለም። ማራናታም የዚያው ቤተ እምነት ልጅ ናትና ይህን ታውቃለች። ለዚህ ነው ፊታቸውን ትታ እግራቸውን ያየችው።

ቁስል የለም። ደም የለም። ግን... ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ነካችው። እንደ ጣውላ ደርቋል።

የእግራቸውን አውራ ጣት በቀስታ ቀና አደረገችው።

አቶ ገረሱ አሁንም ፈገግ እንዳሉ ናቸው... እንባቸው ግን ጆሯቸው ውስጥ ገባ።

ማራናታ «እስቲ አንዴ ውጭ ጠብቁን» ብላ ሰዎቹን አስወጣች።

በሩ እንደተዘጋ አቶ ገረሱ እጇን ያዟት።

«ልጄ... ጨብጦኛል።»

«ማን?»

«እንጃ... ከውስጥ ነው። እያጠበቀ ነው።»

የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ጌድዮን ወደ ቤት ሊሸኛቸው ወረቀት እየጻፈ ነበር።

«ዶክተር፣ ይሄ እግር ሊሞት ነው!»

«የደም ትርታው እኮ አለ። ራጁም ንፁህ ነው።»

«ትርታው የሚጠፋው መጨረሻ ላይ ነው! ያኔ ልንቆርጠው ነው? ጡንቻው ውስጥ ውስጡን አብጦ መፈናፈኛ አጥቷል። ይምጡና ይንኩት!»

ነካው። ፊቱ ተለወጠ።

«አምቡላንስ ጥሩ!»

ማራናታ ሆስፒታል ድረስ አብራቸው ሄደች፤ ቀዶ ጥገና ክፍልም ገባች። ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ሰብሌ ቆዳውን በረጅሙ ከፈተችው። የታፈነው ጡንቻ ቀስ በቀስ ቀላ፤ የቀዘቀዙት ጣቶች ሞቁ። እግሩ ተረፈ፣ ተመስገን!

ግን ዶክተር ሰብሌ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ማራናታ... ነይ እዪ።»

ከቆዳው ሥር፣ ጡንቻው ላይ... አምስት ጉድጓዶች። አራቱ በአንድ ወገን፣ አንዱ በሌላ ወገን። የሕፃን ልጅ እጅ የጨበጠው ይመስላል።

«ማን ነው እንዲህ የጫነው?» አለች ሐኪሟ በሹክሹክታ።



ዓይናቸው እያየ... ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ መሙላት ጀመሩ። መጀመሪያ የትንሿ ጣት... ቀጥሎ የቀለበት ጣት...

የአውራ ጣቱ ግን አልለቀቀም።