ወርቀ ቀንድን የነከሰው ውሻ

ፀሐይ በእኩለ ቀን ጥቁር ቀለበት ባጠለቀች ዕለት፣ በጉምሃራ ምድር የበጎች ሁሉ ጠጉር እንደ እሾህ ቆመ። የንጉሡ ጠቢባን ተሰብስበው አንዱ «ድል ነው» አለ፤ ሌላው «ጥጋብ ነው» አለ። በጎቹ ነገሩን ያውቁት ነበር፤ በግ የሚጠይቅ ጠቢብ ግን የትም አገር የለም። እነሱ ሲከራከሩ ከጨው ገደል ነጭ ጉም ተነሣ፤ በደረቱ እየተሳበ በየበረቱ ገባ፤ የአገሩን በግ ሁሉ ጠርቶ ይዞት ሄደ። ከፊት ሆኖ የመራቸው ወርቀ ቀንድ ነበር።

ወርቀ ቀንድ የንጉሡ አውራ በግ ነው። ቀንዱም ጠጉሩም የወርቅ ነው፤ የጉምሃራ ዘውድ የጸናው በእሱ ዕድል ነው ይባላል። ስለዚህ ፊት ለፊት ያገኘው ሰው ሁሉ፣ ጌታም ይሁን ሎሌ፣ ይንበረከክለታል። በግ ነው እንግዲህ። ሣር ይግጣል፣ ያመሰኳል፣ ሰው ይንበረከክለታል።

ንጉሡ መጀመሪያ ጦረኞቹን ላከ። ነጋሪት እየጎሰሙ፣ እየፎከሩ ወረዱ። በግ በፉከራ አይመለስም። ጩኸቱን የሰማው መንጋ ደንብሮ ግማሹ ገደል ገባ፤ ጦረኞቹ የቀረውን እዚያው ጥለው ተመለሱ። ቤታቸው ሲደርሱ ፉከራው አልቀነሰም።

በአገሩ ዳርቻ ትርንጎ የምትባል ወጣት ከእናቷ ጋር ጠባብ እርሻ ይዛ ትኖር ነበር። አባትም ወንድምም የላት፤ ያላት ዋሴ ነው። ዋሴ ውሻ ነው። በጉምሃራ ውሻ በር ላይ ታስሮ ይጮሃል እንጂ በግ መካከል መግባቱ ነውር ነበር። እሷ ግን ዓይኑ ሳይገለጥ ከግልገል ጋር አስተኝታ፣ የበግ ወተት አጥብታ አሳደገችው። ዋሴ አይጮህም፣ አይነክስም። ደረቱን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ያያል፤ በጎቹ ከዓይኑ ፈቀቅ ይላሉ፤ ፈቀቅ ሲሉ ወደ ፈለገችው ይሄዳሉ። የምትለው ሁለት ቃል ነው፤ «ዙር» ስትለው በሩቁ ይዞራል፣ «ጋደም» ስትለው ባለበት ይጋደማል። ከዚያ በላይ የሚለፈልፍ እረኛ ሥራውን አያውቅም።

ትርንጎ እናቷን አስከትላ ንጉሡ ፊት ቆመች።

«ንጉሥ ሆይ፣ በጉን ውሻዬ ያመጣዋል» አለች።

ሹማምንቱ ሳቁ። ንጉሡ ግን አልሳቀም።

«ጥርስ ያለው ፍጥረት ወደ ወርቀ ቀንድ ይቅረብ ትያለሽ?»

«ጥርስማ ሹማምንትዎም አላቸው። እነሱን ከበግ ያራቃቸው የለም።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ንጉሡ ከዙፋኑ ተነሥቶ ተናገረ፦ «እንግዲያስ መሐላ ግቢ። ውሻሽ በወርቀ ቀንድ ላይ ጥርሱን ቢያሳርፍ በገዛ እጅሽ ትገድዪዋለሽ። ባትገድዪው የመንደርሽ በግ ሁሉ ለዙፋናችን ይሆናል።»

እናቷ ከኋላ ልብሷን ሳብ አደረገች። «ልጄ፣ አፍሽን ለመሐላ አታውሺ፤ አይመልሱልሽም» አለቻት በሹክሹክታ።

ትርንጎ ኩሩ ነበረች፤ ውሻዋንም ታውቀዋለች። እጇን በመሐላው ድንጋይ ላይ ጫነች። «ዋሴ ጥርሱን በወርቀ ቀንድ ላይ ቢያሳርፍ ይህች እጄ ትግደለው። እጄ ብትከዳ ምድር ትክዳኝ» አለች።

ንጉሡ ምስክር እንዲሆን ይርዳው የሚባል አንድ ሽበታም ባለ ጦር ሰጣት። ይርዳው መንገዱን ሁሉ አጉረመረመ።

«ዕድሜ ልኬን ለዘውድ ተዋግቼ፣ በስተርጅና የውሻ አጃቢ ልሁን?»

«አያ ይርዳው፣ ዋሴም በአንተ ቅር ብሎታል። ጨዋ ስለሆነ ዝም አለ እንጂ።»

ሽማግሌው ላለመሳቅ ጺሙን ያዘ።

ከዚያ ሣሩ በሙታን ድምፅ ከሚጣራበት ሜዳ ደረሱ። ትርንጎ ጆሮዋን በሰም ደፍና ነበር። ይርዳው ግን «ጦረኛ ጆሮውን አይደፍንም» ብሎ እምቢ አለ። የሞተችው ሚስቱ በስሙ ስትጠራው ጦሩን ጥሎ ከሜዳው ዳር ወዳለው ረግረግ ገሰገሰ። ዋሴ በሩቁ ዞሮ ከፊቱ ተደቀነ፤ ዝቅ ብሎ ዓይኑን ተከለበት። ይርዳው ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ እየቀደመ፣ ያን የሚያህል ባለ ጦር እንደ ጠቦት ነድቶ ወደ መንገዱ መለሰው። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው አላጉረመረመም። ሲበሉ መጀመሪያ የሚቆርሰው ለውሻው ሆነ።

በጨው ገደል መንጋው ነጩን ግድግዳ ይልሳል። የበጎቹ ዓይን ጨው ለብሷል፤ ከየአፍንጫቸው የሚወጣውን ትንፋሽ እመ ጉም ከላይ ሆና ትጠጣለች። የጉም እናት ናት፤ የምትኖረው በሌላው ትንፋሽ ነው። መጻተኞቹን ስታይ ሰፋች፤ ከዚያ ስፍራ የሰውን ድምፅ ሁሉ ዋጠች። ትርንጎ «ዙር» ብላ ስትጣራ ቃሏ ከከንፈሯ አላለፈም። ዋሴ ግን ከቃሏ ጋር ሁልጊዜ የምትዘረጋውን እጇን ያይ ነበር። ዞረ። ከመንጋው ማዶ ዝቅ ብሎ አየ፤ በጎቹ አንድ በአንድ ምላሳቸውን ከጨው አነሡ። እነሱ ሲርቁ እመ ጉም እንደ ተነፈሰ ስልቻ እየሟሸሸች ሄደች።

መመለሻው በአንድ ወገን ገደል፣ በአንድ ወገን ቋጥኝ የሆነ ጠባብ መንገድ ነበር። ይርዳው መንገዱን ሊያይ ቀድሞ ወጥቷል፤ ወርቀ ቀንድ ከኋላው ይከተላል፤ ከዚያ መንጋው፤ ከሁሉ ኋላ ትርንጎና ዋሴ። ሽማግሌው ዘወር ሲል ከወርቀ ቀንድ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ጉልበቱ ባለቤቱን አልጠየቀም። ዕድሜ ልኩን እንደለመደው በመንገዱ መካከል ተንበረከከ።

ትርንጎ «ተነሥ፣ መንገድ ልቀቅ» ብላ ጮኸች። የቀረችው ጉም ያንንም ዋጠችው።

ወርቀ ቀንድ መንገዱ ተዘጋበት። ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ አልለመደም፤ ማን አስለምዶት። ሰኮናውን መታና ወደ ገደሉ ዞረ። እሱ ከዘለለ መንጋው እንደሚከተለው የታወቀ ነው። አንድ እግሩ አየር ላይ ሲሆን ዋሴ በበጎቹ ጀርባ ላይ እየሮጠ ደረሰ፤ የበጉን ጆሮ ነክሶ በሰውነቱ ክብደት ሁሉ ወደ ቋጥኙ ጎተተው። ጆሮው ተተረተረ። ይርዳው ተንከባልሎ ቋጥኙ ሥር ተለጠፈ፤ መንጋው አለፈ።

ዋሴ ደሙን ከአፉ ላሰ። ትርንጎ ስትቀርበው ዓይኑን ከእሷ አሸሸ።

በዋና ከተማው ነጋሪት ተመታ። ንጉሡ ወጥቶ ወርቀ ቀንድን ዳሰሰ፤ እጁ ጆሮው ላይ ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

ይርዳው ከዚያን ቀን በፊት ዋሽቶ አያውቅም። «እሾህ ነው፣ ንጉሥ ሆይ። በዓይኔ አየሁ» አለ።

ንጉሡ ሽማግሌውን አየ፤ ውሻውን አየ። በጉ ተመልሶለታል፤ ማመኑ ተመቸው። ወደ ሕዝቡ ዞሮ አወጀ፦ «ወርቀ ቀንድ እሾህ እየወጋው መንጋውን በጥበቡ መርቶ አመጣልን። ውሻውም ከኋላ ተከትሏልና አጥንት ይጣልለት።»

አገሩ እልል አለ። ትርንጎ አንዲት ትንፋሽ ዝም ብትል ኖሮ ዋሴን ይዛ ቤቷ ትገባ ነበር። ግን ያን የመሰለ ሥራ የእሾህ ሥራ ሲባል አንጀቷ አልቻለም።

«እሾህ አይደለም» አለች። «በጉ ወደ ገደል ዞሮ ነበር፤ ውሻዬ ነክሶ መለሰው። ባይነክሰው ዛሬ የሚዳስሱት ጆሮ አይኖርም ነበር።»

እልልታው ተቋረጠ። ይርዳው ዓይኑን ጨፈነ። ንጉሡ በዝግታ፣ «ሰማን። መሐላሽንም ሰምተናል» አለ።

ይርዳው በንጉሡ እግር ላይ ወደቀ፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ፤ የሰማው የለም። የትርንጎ መንደር ሰዎች አንዴ በጎቻቸውን፣ አንዴ መሬቱን ያያሉ። የንጉሡ ሎሌዎች ካራ አቀበሏት። ዋሴ እግሯ ሥር ቆሞ እጇን ያያል፤ ሥራ ያለ መስሎት።

«ጋደም» አለችው።

ተጋደመ።

ውሻ አዝላ በከተማው መካከል ስታልፍ የሳቀባት ነበር። ሌላው ሰው ወደ ድግሱ ቸኩሏል። በበረቷ በር፣ ዋሴ ይጋደምበት በነበረው ስፍራ ቀበረችው። በጎቹ ማታ ማታ እዚያ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ የሚያስገባቸውን ይጠብቃሉ። እየገፋች ታስገባቸዋለች።

በዓመቱ ጉሙ እንደገና ተነሣ፤ ወርቀ ቀንድም እንደገና ተከተለው። ንጉሡ ይርዳውን ላከ። ሽማግሌው ከበረቱ በር ሲደርስ ከመቃብሩ ወዲህ ቆመ።

«እህቴ፣ ሌላ ውሻ አሳድገሽ እንደሆነ ጠይቅ ተብያለሁ። ንጉሡ በዚህኛው ላይ መሐላ አይጠይቅሽም።»

ትርንጎ የያዘችውን ጠቦት መሬት አስቀመጠች።

«አያ ይርዳው፣ አንተን አልጠላህም፤ ግባና ብላ። ለጌታህ ግን እንዲህ በለው፤ ውሻ የለኝም። ተንበርካኪ ግን አገሩ ሞልቷል፤ እነሱን ይላክ።»