ጠማማዋ ምስማር

በመቀሌ ገበያ አጠገብ፣ ከመስጊዱ ወረድ ብሎ፣ ሸረፈዲን የሚባል ብረት ሠሪ ነበር። አባቱ ከወሎ መጥተው እዚያው የቀሩ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበሩ። ሲሞቱ ለሸረፈዲንና ለታናሹ ለአብዱሰመድ የተዉላቸው አንድ ወናፍና በአፈሙዟ ባሩድና እርሳስ የምትጎርስ አንዲት አሮጌ ጠመንጃ ነበር። እናታቸው እማማ ዘሃራና ሁለቱ ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከአንድ ገበታ እየበሉ ኖሩ። ጎረቤቱ ወንድማማቾቹን በስም ለይቶ እንኳ አይጠራቸውም፤ «የዘሃራ ልጆች» ነበር የሚላቸው። እንዲህ ያለ ቤት ይፈርሳል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ጣልያን ከተማውን ከያዘ በኋላ፣ በ1929 ዓ.ም.፣ መሣሪያ ያለው ሁሉ እንዲያስረክብ፣ ደብቆ የተገኘ ግን እንደሚሰቀል ተለፈፈ። ሸረፈዲን የአባቱን ጠመንጃ አሳልፎ ለመስጠት አንጀቱ እምቢ አለው፤ ጣሪያው ሥር ሸጎጣት። ወር ሳይሞላ አንድ አርብ ቀን ከጁምዓ ሲመለስ ጠመንጃዋ የለችም። አንዲት ጎረቤት፣ አብዱሰመድ በምንጣፍ የተጠቀለለ ነገር ተሸክሞ ሲወጣ እንዳየችው ነገረችው። በማግስቱ ጠዋት ወታደሮች መጡ፤ ሌላ ቦታ ሳይነኩ በቀጥታ ጣሪያውን ፈተሹ። ምንም አላገኙም። ቢሆንም ወሰዱትና፣ የት እንዳለች ተናገር እያሉ ስድስት ወር ገረፉት። ከእስር ሲወጣ የግራ ጆሮው አይሰማም፤ ሁለት ጣቶቹም አይታጠፉም። ከጅራፉ ይልቅ ያቃጠለው ግን ሌላ ነበር... ወንድሜ ጠመንጃዬን ሸጠ፣ አልበቃው ብሎም እኔን ጠቆመ። አብዱሰመድ በዚያን ጊዜ ኲሓ በኩል በጣልያን መንገድ ሥራ የቀን ሠራተኛ ነበርና፣ ሸረፈዲን ሌላ ማስረጃ አልፈለገም።

አብዱሰመድ ሊጠይቀው መጣ። «ወንድምዓለም፣ አንድ ጊዜ ስማኝና ከዚያ...» ብሎ ሲጀምር ሸረፈዲን የጋለ ጉጠት አንስቶ ከደጃፍ አባረረው። ለደንበኛው ሁሉ ወንድሙ እንዴት እንደካደው አወራ። ማረሻ ሊያስል የመጣው ሰምቶ ይሄዳል፤ ማጭድ ሊያሠራ የመጣውም ሰምቶ ይሄዳል። እማማ ዘሃራ ሽማግሌ ላኩ፤ አልቅሰው ለመኑ፤ በልጃቸው እግር ላይ ወደቁ። ምን ያልሞከሩት ነገር አለ? በመጨረሻ አልጋ ላይ ወድቀው፣ የሁለቱንም ስም እያፈራረቁ እየጠሩ አረፉ። በቀብራቸው ዕለት አብዱሰመድ ቃሬዛውን ሊሸከም ትከሻውን ሲያስጠጋ ሸረፈዲን በሰው ሁሉ ፊት ደረቱን ገፈተረው። «እናቴን አንተ አትነካትም» አለው። አብዱሰመድ ከለቀስተኛው ኋላ ኋላ ተከትሎ፣ አፈሩ ሲመለስ ከሩቅ አይቶ ሄደ።

ጣልያን በወጣ በሰባተኛው ወር፣ በ1934 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ሸረፈዲን አይቶ የማያውቃት ሳሊሃ የምትባል ሴት በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወደ ሱቁ ገባች። ስትፈታው ጠመንጃ ነው። ብረቱ ከአፈሙዙ እስከ መምቻው በዝገት ተበልቷል፤ እንጨቱ ጭቃ ለብሶ አብጧል።

«ከመሬት የወጣች ናት፣ ሓወይ፣ ወንድሜ» አለች። «ባለቤቴ ታሟል። እርስዎ እንዲያድሷት ይፈልጋል።»

«የምን ጠመንጃ እንደሆነች ያውቃል?»

«እሱ ያውቃል። እርስዎ ግን ራስዎ ይለዩአት ብሏል።»

ነገሩ ግር አለው እንጂ አልጠየቀም። ብረቱን ከእንጨቱ ነቅሎ ላምባ ውስጥ ዘፈዘፈና ሌላ ሥራ ያዘ። በአምስተኛው ቀን መጣች፤ አልደረስኩባትም አላት። በስምንተኛው ቀን ዓይኗ ቀልቶ፣ አቧራ ለብሳ ተመልሳ መጣች።

«ዛሬስ?»

«እህቴ፣ ይሄ ብረት ነው። ባልሽ ሊዘምትባት ነው እንዴ እንዲህ የምታጣድፊኝ?»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ ወጣች። አወጣጧ አንጀቱን በላውና በማግስቱ ማለዳ ጠመንጃዋን አነሳ። መጀመሪያ ውስጧ ባዶ መሆኑን ለማወቅ እንደ አባቱ ደንብ ቀጭን ዘንግ በአፈሙዙ ሰድዶ፣ ያንኑ ዘንግ በውጭ አስተኝቶ ለካ። አንድ ስንዝር ይጎድላል። ባሩድና እርሳስ ጎርሳ ይሆናል ብሎ ሙቅ ውኃ አፈሰሰባትና በጠመዝማዛ ሽቦ ጎተተ። የወጣው ጥይት አልነበረም፤ ሰም የተነከረ ጨርቅ ነው። ከጨርቁ በታች ያለው ብረት ንጹሕ ነበር። ሲቀብራት ማን እንዲህ ተጨነቀላት? በሽቦና በአመድ መምቻዋን ሲፍቅ፣ ባልጩት ከብረት አጋጭታ እሳት የምታስነሳ ዓይነት መሆኗን አወቀ። ከአባቱ ቤት ወዲህ እንደዚህ ያለች አይቶ አያውቅም። ሰደፉን አገላብጦ የአንገቱን ጭቃ በጥፍሩ ጫረ። የመዳብ ጥምጥም ወጣ። በላዩ ስድስት ምስማሮች ነበሩ፤ አምስቱ ቀጥ ያሉ፣ ሦስተኛዋ ጠማማ።

ያቺን ምስማር የመታት እሱ ነው! የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ፣ አባቱ ሰደፉን ይዘውለት፣ መዶሻው አዳልጦት ያጣመማት። አባቱ ሊነቅሏት ጉጠት አንስተው ነበር፤ ከዚያ ሳቅ አሉና «ተዋት፣ ያንተ ምልክት ትሁን» አሉት። ተሸጠች ያላት ጠመንጃ አልተሸጠችም። ታዲያ ይቺ ሴት ማን ናት? የታመመው ባሏስ...

ሱቁን እንኳ አልዘጋም። ወንድሙ የሚኖርባት ኲሓ ድረስ የሁለት ሰዓቱን መንገድ ግማሹን በሩጫ ሄደ። ሰው አሳይቶት ከቤቱ ሲደርስ ሳሊሃ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ለይተዋታል» አለች።

«ሚስቱ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ለምን ወሰዳት?»

«እንደሚፈትሹዎት ሰምቶ ነው። ቢያገኟት ይሰቅሉዎታል። እርስዎ ቦታዋን ቢያውቁ ደግሞ ሲገርፉዎት ያወጣሉ ብሎ ሳይነግርዎት ወሰዳት። የቀበራት ቦታ ላይ ጣልያን መጋዘን ሠራበት። እነሱ ሲሄዱ ነው የቆፈራት። ዝጋ ሲያገኛት አለቀሰ።»

«ማን ነው የጠቆመኝ?»

«አትንገሪው ብሎ አስምሎኛል» አለች ሳሊሃ።

«በአላህ ይሁንብሽ።»

«ቁልፍ ሊያሠራ ሱቅዎ የመጣ አስተርጓሚ ነው። ስለ ጠመንጃዋ ለጣልያኑ ሲያወራ አብዱሰመድ ሥራው ላይ ሰማው። ከማን ሰማህ ቢሉት፣ ከጠመንጃዋ ባለቤት ከራሱ፣ ብሎ ሳቀ።»

ሰውየው ሸረፈዲንን ትዝ አለው። ጥሩ ልብስ የለበሰ፣ አንደበተ ለስላሳ ሰው ነበር። የእጁን ሥራ ሲያደንቅለት ደስ ብሎት፣ የአባቴን ጠመንጃ ባየህ፣ ጣሪያዬ ሥር ናት ያለው እሱ ራሱ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ የረገመው ከሃዲ የገዛ አፉ ኖሯል! ወንድሙ ይህንን ያውቅ ነበር። ጉጠት ሲያነሳበት ያውቅ ነበር፤ ከእናቱ ቃሬዛ ሲገፈትረውም ያውቅ ነበር... አውቆ ዝም አለ።

አብዱሰመድ መደብ ላይ ተኝቷል። ትኩሳቱ ሥጋውን ጨርሶ አጥንት ብቻ አስቀርቶታል። ከትናንት ጀምሮ ሰው መለየት አቁሟል አለች ሳሊሃ። ሸረፈዲን ተንበርክኮ እጁን ያዘው። አብዱሰመድ ዓይኑን ገለጠ፤ እንግዳ ሰው እንደሚያይ አየው።

«ሸረፈዲን ተፈታ?» አለ በቀጭን ድምፅ።

ሸረፈዲን ደህናውን ጆሮውን አስጠጋ። «ተፈታ» አለው።

«ገረፉት?»

«አልገረፉትም። ደህና ነው።»

«አልሐምዱሊላህ... እማማን ንገሯት።»

ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። የዐስር ሰላት ሳይደርስ እስትንፋሱ ተቋረጠ። ይቅር በለኝ የሚባልበት ሰዓት ስምንት ቀን ሙሉ ላምባ ውስጥ ተዘፍዝፎ አልፎ ነበር።

ሸረፈዲን ሳሊሃን ወደ ቤቱ ወሰዳት፤ እንደ እህቱም አኖራት። ከአርባው በኋላ በከተማው እየዞረ በየደጁ ይቆም ጀመር። ማረሻ ያሳለውን፣ ማጭድ ያሠራውን፣ የወንድሙን ክህደት የነገረውን ሁሉ አንድ በአንድ ፈለገ። «የጠቆምኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ወንድሜ ንጹሕ ነበር» ይላቸው ነበር። አንዳንዱ አብሮት አለቀሰ። አንዳንዱ በሩን ዘጋበት። አንዳንዱም ሞቶ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ግራ ተጋብቶ ያየው ሰው ነው። «ወንድም ነበረህ እንዴ?» አለው።

ዕድል የሚሉት ይኸ ይሆን? ሰው በአፉ ያፈረሰውን ቤት በአፉ ሊሠራ ዕድሜውን ሙሉ ይዞራል፤ ሊሰማው የሚገባው ግን ያ የሞተው ብቻ ነበር።