አይ ያለው ሰው

ሰው በምርጫ ይወድቃል እንጂ በምርጫ ሣጥን ይወድቃል? ገብረየስ ግን ወደቀ። የካርቱሙ ዴም ሰፈር ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ለአምስተኛ ጊዜ ሊወዳደር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ኦምዱርማን ተበይዶ የመጣው ያ ከባድ የብረት ሣጥን ማጅራቱን አግኝቶት በገዛ ቢሮው ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ነገሩ የሆነው ካርቱም ገና ጦርነት ሳይገባባት፣ የሐበሻ ሁሉ ጭንቀት የመኖሪያ ፈቃድና የቤት ኪራይ በነበረበት ጊዜ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ትርንጎ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ቆማ ነበር። ጎንደር ሳለች የወንጀል መርማሪ ነበረች። ዴም ከገባች ወዲህ ቅመምና ሻይ ቅጠል ትሸጣለች፤ ሰው ሲሰረቅም ሲካካድም ግን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እሷ ሱቅ ነው። የዛሬው ጉዳይ የራሷ ነው። በገብረየስ ግድያ የታሰረው የምርጫ ተፎካካሪው ምንዳዬ፣ ታናሽ ወንድሟ ነው።

የጣቢያው መኮንን፣ ሙላዚም የሚሉት ወጣት ሱዳናዊ፣ ሻዩን እያማሰለ በዓረብኛ አነጋገራት።

«ነገ ጠዋት ወደ ትልቁ እስር ቤት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የእኔ እጅ የለበትም።»

«ምርመራውስ?»

«የምን ምርመራ? ዘበኛው በጆሮው ሰምቷል። በሩ ተንኳኳ፤ ሟቹ ‹ምንዳዬ ነህ?› አለ፤ ሰውየው ‹አዎ፣ እኔ ነኝ› አለ። ወንድምሽ ደግሞ በደም ተነክሮ ሲወጣ ተይዟል። ኻላስ!»

ኻላስ! እሱ ሻዩን ሲጠጣ የሰው ዕድሜ አለቀ ማለት ነው። ትርንጎ ንዴቷን ውጣ ወንድሟን ለማየት ለመነች። ምንዳዬ የብረቱን ፍርግርግ ይዞ ቆሟል፤ ሸሚዙ ላይ ደሙ ደርቋል።

«እታለም፣ እኔ አልነካሁትም» አለ ገና ሲያያት። «ራሱ ነው ደውሎ ‹ማታ ቢሮ ና፣ የምነግርህ አለ› ያለኝ። ከኦምዱርማን ስመጣ ድልድዩ ተዘጋግቶ ዘገየሁ። ስደርስ ወድቆ አገኘሁት። ላነሣው ስል ነው ደሙ የነካኝ።»

«ባለፈው ምርጫ ‹ድምፄን ሰረቅህ› ብለህ ሰው ፊት አንቀኸው አልነበር?»

«አንቄዋለሁ። አልዋሽሽም።»

«ታዲያ ማን ይመንህ?»

«ማነቅና መግደል አንድ ነው እንዴ? ሌላው አይመነኝ። አንቺ ታምኚኛለሽ?»

ትርንጎ ይህን ልጅ ከሕፃንነቱ ታውቀዋለች፤ ሲቆጣ ዓይኑ አያይም። «አትወዳደር፣ ፖለቲካ ለአንተ አይሆንም» ብላ ስንት ጊዜ ለመነችው! ምላስ ሲሰለች ጆሮም ይሰለቻል። ሳትመልስለት ወጣች፤ እሱም ቀና ብሎ አላያትም።

ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄደች። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ለቀስተኛ ይገባል። ቢሮው ውስጥ የተሰበረ ነገር የለም፤ ወንበሮቹ በቦታቸው ናቸው፤ በሩ አልተገነጠለም። ደሙ ያለው ከጠረጴዛው ማዶ፣ ፎቶግራፎች ከተሰቀሉበት ግድግዳ ሥር ነው። ገብረየስ ለእንግዳው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

«አንድ ጊዜ ላነቀህ ሰው ጀርባህን ትሰጣለህ?» አለች ለራሷ። እንዲያም ሆኖ ይህ ብቻውን ሙላዚሙን ከሻዩ አያስነሣውም።

«ምን ፈልገሽ ነው ትርንጎ?» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ፍሰሐ ነው፤ የገብረየስ ቀኝ እጅ። በየምርጫው ማይክሮፎን የሚሸከመው፣ ፖስተር የሚለጥፈው፣ ቤት ለቤት ዞሮ ድምፅ የሚለምነው እሱ ነበር። ሲያለቅስ አድሮ ዓይኑ ቀልቷል።

«ሰውየውን ማወቅ ፈልጌ ነው። ከአንተ በላይ የሚያውቀው የለም» አለችው።

ይህ ደስ አለው። ወደ ፎቶግራፎቹ ተጠጋ።

«ይኸውልሽ፣ የመጀመሪያው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር። ሌላ የሚፈልግ ስላልነበረ በጭብጨባ ተመረጠ። ጭብጨባውን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛው እጅ በማውጣት፤ አሸነፍን። በሦስተኛው ‹ሣጥን ይግባ› ተባለ፤ ሣጥን ሲገባ ወደቅን!»

«ማን አሸነፈ?»

«ያ ጨርቅ ነጋዴው ነዋ። እሱም ብዙ ሳይቆይ ጥሎን ጁባ ገባ፤ ገብረየስን ለምነን መለስነው። አራተኛው ያው ከወንድምሽ ጋር ነው። በጥቂት ድምፅ አሸነፍን፤ ረብሻውን ታውቂዋለሽ።»

ትርንጎ ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ አየች። በሁሉም ላይ ገብረየስ መሐል ቆሞ እጁን ያውለበልባል። ፍሰሐ ከትከሻው ኋላ ነው፤ አንዱ ላይ ጆሮው ብቻ፣ አንዱ ላይ ግማሽ ፊቱ ይታያል።

«አንተስ? ለምን ተወዳድረህ አታውቅም?»

«እኔ?» ሊስቅ ሞከረና ተወው። «‹ከእኔ ቀጥሎ አንተ ነህ› ይለኝ ነበር። በየምርጫው ይለኛል። ዘንድሮም ‹አምስተኛውን ልወዳደርና ከዚያ ያንተ ነው› አለኝ። ይሁና፣ ምን ቸገረኝ?»

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አየኸው?»

«ረቡዕ ስብሰባው ላይ። ‹እወዳደራለሁ› ብሎ ለሁላችንም ነገረን። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፤ በስልክም አልተገናኘንም። እኔ ፖስተር ስለጥፍ ነው የሰነበትኩት» አለና አፍንጫውን ጠረገ። «ወንድምሽም ዕድለ ቢስ ነው። ወንበሩ እጁ ሊገባ ሲል በገዛ እጁ አበላሸው። አይ ምንዳዬ!»

ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ሰው ገና ሳይፈረድበት! መልስ ብትሰጠው ለቅሶው ጠብ ይሆናል ብላ ጥርሷን ነክሳ ወጣች።

የገብረየስ ልጅ ህሊና ድንኳኑ ጥግ ተቀምጣለች። ካርቱም ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከዓረብኛ ጋር እየተጋፋ ነው የሚወጣው። ትርንጎን ስታይ አቅፋት አለቀሰች፤ ከዚያ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«እትዬ ትርንጎ፣ ወላሂ ምንዳዬ አይገድለውም። አባባ ለእሱ ሊተውለት ነበር።»

«ምኑን?»

«ምርጫውን! ትናንት ምሳ ላይ ነው የወሰነው። ‹አልወዳደርም፣ ኻላስ፣ ደከመኝ፤ ለምንዳዬ እለቅለታለሁ› አለ። ያኔ በከሻው፣ ፖሊስ ሐበሻ ሲሰበስብ፣ ምንዳዬ ጣቢያ በር ላይ ተኝቶ ሰው አስወጣ አይደል? አባባ ‹እኔ ፎቶ ስነሣ እሱ ሰው ያስፈታል› አለ። አፈረ።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔ ብቻ። ‹ማታ ለራሱ እነግረዋለሁ፣ ለማንም እንዳትናገሪ› አለኝ። እኔም ለፖሊስ ስናገር ‹ምን ማስረጃ አለሽ?› ብለው ሳቁ።»

ትርንጎ ደስ ሊላት ሲል ሌላ ሐሳብ መጣባት። ቢነግረው ኖሮ አይገድለውም፤ እውነት ነው። ሳይነግረው በፊት ተጣልተው ቢሆንስ? ኤዲያ! አንዱን ስትፈታው ሌላው ይቋጠራል። ወንድሟን ነጻ ለማውጣት በሄደች ቁጥር ራሷ መልሳ እያሰረችው ነው። የቀራት ዛኪር ብቻ ነው።

ዛኪር የሕንፃው ዘበኛ፣ ሽበታም ሱዳናዊ፣ በሩ ላይ መቁጠሪያውን ይዞ ተቀምጧል። ከሐበሻ ጋር ብዙ ኖሮ ጥቂት አማርኛ ለቃቅሟል፤ ንግግራቸው ግን በዓረብኛ ነበር።

«ዓም ዛኪር፣ ሰውየውን አላየኸውም?» አለችው፤ ዓም አጎቴ እንደ ማለት ነው።

«በመግሪብ፣ በምሽቱ ሶላት ላይ ነበርኩ ልጄ። በመስኮቱ ሥር፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ። ሰው ሶላት ላይ ቆሞ ዘወር አይልም። ስጨርስ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ፤ ስመለስ ምንዳዬ እየጮኸ ሲወጣ አገኘሁት።»

«ድምፁንስ አልለየኸውም?»

«የጎረቤቱ ጄኔሬተር ጆሮ ያደነቁራል። ሊቀመንበሩም ሰውየውም እየጮኹ ነው የተነጋገሩት። ቃሉን ሰማሁ፤ ድምፁ የማን እንደሆነ ግን አላህ ያውቃል።»

«እስቲ ቃሉን ድገምልኝ። አትተርጉምልኝ፤ እንዳሉት አድርገህ።»

ዛኪር ጉሮሮውን ጠረገ። «ሊቀመንበሩ ‹ምንዳዬ ነህ?› አለ። ሰውየው ‹አይ፣ እኔ ነኝ› አለ።» ራሱን በአዎንታ ነቀነቀና ደረቱን መታ። «አይ! አና! ቆይ ግን፣ ‹ነኝ› ምን ማለት ነው?»

ትርንጎ አፏን ይዛ ቀረች። ከዚያ የሽማግሌውን እጅ ሳመችው።

«ወይ ዓም ዛኪር! ዕድሜ ይስጥህ!» ብላ ነጠላዋን እየጎተተች ወደ ጣቢያው ሮጠች። ሙላዚሙ መጀመሪያ አልነሣም አለ። «ለቅሶ ልትደርስ ና፤ የምልህ ካልጣመህ ትመለሳለህ» ብላ ነዘነዘችው። ንዝንዟ ሲመረው ከሁለት ፖሊሶች ጋር ተከትሏት መጣ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ቢሮው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሙላዚሙ ወንበር ሳበ፤ ዛኪር በሩን ተደገፈ፤ ፍሰሐ ከግድግዳው አጠገብ ቆመ። ህሊና ለሙላዚሙ እንድታስተረጉም ከጎኑ ተቀመጠች።

«ትናንት ማታ እዚህ በር ላይ አንድ ሰው አንኳኳ» አለች ትርንጎ። «ገብረየስ ምንዳዬን ቀጥሮ ነበርና ‹ምንዳዬ ነህ?› አለ። ሰውየው ‹አይ፣ እኔ ነኝ› ብሎ መለሰ። ዓም ዛኪር ጆሮው ትክክል ሰምቷል። ዳሩ ግን በሱዳን ዓረብኛ ‹አይ› አዎ ነው። በአማርኛ ምንድን ነው ህሊና?»

ህሊና መተርጎሟን አቆመች። «‹ላ› ነው» አለች ቀስ ብላ። «አይደለሁም ማለት ነው።» ከዚያ ለሙላዚሙ በዓረብኛ ደገመችለት፤ ሙላዚሙም ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«ምን ነካሽ ትርንጎ?» አለ ፍሰሐ። «እዚህ አገር ሁላችንም እንቀላቅላለን። ምንዳዬ በዓረብኛ ‹አይ› ብሎ ይሆናላ!»

«በዓረብኛ ቢሆን ‹እኔ ነኝ› በማለት ፈንታ ‹አይ፣ አና› ይል ነበር። ዓም ዛኪር የሰማው ግን ‹ነኝ›ን ጨምሮ ነው፤ ትርጉሙን እንኳ እኔን የጠየቀ ሰው ቃሉን ከራሱ ሊፈጥረው አይችልም። ንግግሩ አማርኛ ነበር። ስለዚህ የመጣው ሰው ምንዳዬ አይደለሁም አለ። ማን ነኝ አለ? ስሙን አልተናገረም፤ ‹እኔ ነኝ› ብቻ። ገብረየስም ከፈተለት። ስሙን ሳይናገር በር የሚከፈትለት ሰው ስንት ነው? ልጁ አለች፤ ዓም ዛኪር የሰማው ግን የወንድ ድምፅ ነው። ገብረየስ ለዚህ ሰው ጀርባውን ሰጠው፤ አንድ ቀን አንቆት ለሚያውቅ ሰው ጀርባ አይሰጥም። ለዓመታት ከኋላው ለቆመ ሰው ግን ይሰጣል።»

ሁሉም ዓይኑን ወደ ፎቶግራፎቹ ጣለ።

«እኔ ከረቡዕ ወዲህ አላየሁትም ብዬሻለሁ!» አለ ፍሰሐ።

«ብለኸኛል። ‹ወንበሩ እጁ ሊገባ ሲል አበላሸው› ያልከኝም አንተው ነህ። ረቡዕ ዕለት እወዳደራለሁ ያለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወድቆ የሚያውቅ ሊቀመንበር ወንበሩን ለምንዳዬ ሊለቅ መሆኑን በምን አወቅህ? ገብረየስ ይህን የወሰነው ትናንት ምሳ ላይ ነው። ህሊና፣ አባትሽ ለፍሰሐ ነግሮት ነበር?»

«‹ለፍሰሐ ነገ ነው የምነግረው፣ ይከፋዋል› ነው ያለኝ» አለች ህሊና። ለሙላዚሙ መተርጎሙን ረስታዋለች። ፍሰሐን ትክ ብላ ታየዋለች። «ዓሙ ፍሰሐ? በልጅነቴ ትምህርት ቤት ያደረስከኝ አንተ አይደለህ?»

ፍሰሐ የብረት ሣጥኑ ወደነበረበት ቦታ ዞር ብሎ ፈነዳ።

«መተውስ ይተው! ለማን? ዕድሜዬን ሙሉ ማይክሮፎን ለተሸከምኩት ለእኔ አይደለም እንዴ? ፖስተሩን ላሳየው መጣሁ። ‹ተወው ፍሰሐ፣ ለምንዳዬ ለቅቄያለሁ› አለኝ። ‹እኔስ?› ስለው ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? እየሳቀ ወደ ፎቶዎቹ ዞሮ፣ ‹አንተ እኮ ከኋላ ስትሆን ነው የምታምረው› አለኝ። ከኋላ! ሣጥኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር።»

ሙላዚሙ የተባለው ባይገባውም ትርጉም አልጠየቀም፤ ለፖሊሶቹ በዓይኑ ጠቀሰ። ፍሰሐን ሲወስዱት ህሊና ተነሥታ ከፎቶግራፎቹ ፊት ቆመች፤ ትርንጎ ልታጽናናት ብትሞክር እጇን በቀስታ አራቀችው።

ምንዳዬ በማግስቱ ረፋድ ላይ ተፈታ። ያን ሁሉ ሰዓት ማኅተም የያዘው ሰውዬ አልመጣም፣ ነገ ኢንሻአላህ እየተባለ ነበር። ትርንጎ የታጠበ ሸሚዝ ይዛ ስትጠብቀው አረፈደች። እሱ ሸሚዙን ተቀብሎ ለበሰና የቆሸሸውን ሰጣት እንጂ አላቀፋትም።

«ሁሉን ሰምቻለሁ» አለ። «እንዴት እንዳወጣሽኝ ጣቢያው ሁሉ ያወራል። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። አምነሽኝ ነበር?»

ትርንጎ የመንገዱን ግርግር አየች። ሚኒባሱ ይጣራል፤ ባለ ሦስት እግሩ ሪክሻ ጡሩምባውን ያጮኻል። አዎ ብትለው ምን ነበረበት! አንዲት ቃል ናት። ግን ዕድሜ ልኳን የሰው ውሸት ስትለቅም ኖራ አንደበቷ እንቢ አላት።

«አላመንኩህም» አለች። «ዛኪር እስኪናገር ድረስ አላመንኩህም ምንዱ።»

ምንዳዬ ራሱን ነቀነቀ። እሷ የጠበቀችው ቁጣውን ነበር፤ ያን ከሕፃንነቱ የምታውቀውን፣ የጠረጠረችውን ቁጣ። ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

«እሱ እንኳ፣ ያነቅሁት ሰውዬ፣ አምኖኝ ነበር» አለ። «የሱን ሬሣ ልሸኝ ልሂድ።»

ሪክሻ አስቁሞ ብቻውን ገባ። ትርንጎ የቆሸሸውን ሸሚዝ በእጇ እንደያዘች፣ ሪክሻው ወደ ዴም እስኪታጠፍ ድረስ መንገዱ ዳር ቆማ አየችው።