ቴሌቪዥኑን የሚያንኳኩ እንግዶች

ቪኤኖ አዲሱን ድንች በብሩሽ እያሸች ነበር። የዓመቱ የመጀመሪያ ድንች ስለሆነ ቢላ አይፈልግም፤ ሁለት ሦስቴ ፈተግ ሲደረግ ስሱ ልጣጭ በራሱ ይለቃል። ነጎድጓዱ ሐይቁን ተሻግሮ ሄዷል። ከመስኮቱ ውጭ የበርች ዛፎቹ ገና ያንጠባጥባሉ። ከኋላዋ አያቷ ታውኖ በካልሲያቸው ከክፍል ክፍል እየተዘዋወሩ የነቀሉትን ሁሉ መልሰው ይሰካሉ፤ ቴሌቪዥኑን፣ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ራውተር፣ በመጨረሻም ጓዳ ውስጥ ያለውን የቪኤኖን አሮጌ ኮምፒውተር። በሃውኪላምፒ መንደር ሰማይ ሲያጉረመርም ሰው መጀመሪያ ልብሱን ከገመድ አያወርድም፤ ሶኬት ይነቅላል።

ስልኳ ጠራ። እጇን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ አነሳችው።

«ቪኤኖ፣ ትምህርት ቤታችን ተዘግቷል!» አለ ኢቫሪ።

«አውቃለሁ። ዛሬ ጠዋት ዘምረን ወጥተንበት የለ።»

«ያኛውን አይደለም! የጨዋታውን ነው የምልሽ። አንኳኳለሁ፣ አንኳኳለሁ፣ ዝም። ሌሎቹም መግባት አቅቷቸዋል። ማታ እንግዶቹ ሲመጡ ምን ሊውጠን ነው?»

ብሩሹ ከእጇ ወደ ገንዳው ወደቀ።

የመንደሩ ትምህርት ቤት ከመጪው መኸር ጀምሮ አይኖርም፤ ልጆቹ በአውቶቡስ ወደ ከተማ ይሄዳሉ። ስለዚህ የበረዶውን ወራት ሙሉ የክፍሏ ልጆች ትምህርት ቤቱን በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ በጡብ በጡብ መልሰው ሠርተውታል፤ የሚንቋቋውን ደረጃ፣ ትልቁን ምድጃ፣ ሁሉም ጫማውን የሚያወልቅበትን መግቢያ፣ የካፖርት መስቀያውን ሳይቀር። ዛሬ አመሻሹ ላይ ድሮ እዚያ የተማሩ ሰዎች ካሉበት አገርና ከተማ ሆነው ይገቡበታል። ከሁሉም በላይ የሚጠበቁት መምህርት ሄልቪ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ አስተምረው አሁን በአገሩ ሌላ ጫፍ፣ ቱርኩ ከተማ ውስጥ ይኖራሉ፤ ዳሌያቸውን ታመው ለመንገድ አይበቁም። ጠዋት በስንብቱ በዓል ላይ ወንበራቸው ባዶ ነበር።

ይህ ሁሉ የሚኖረው ቪኤኖ ጓዳ ውስጥ፣ ከድንች ከረጢቱ አጠገብ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው። ቪኤኖ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀች እንኳ እጇን የማታወጣ ልጅ ናት። ርዕሰ መምህሩ «ማሽኑን ማን ይይዝልናል?» ሲሉ ግን የእሷ እጅ ከሁሉም ቀድሞ ወጥቶ ነበር። እሷም ራሷ ደንግጣ ነበር።

ኢቫሪ ብስክሌቱን አጥሩ ላይ ጥሎ፣ ጫማውን በር ላይ አሽቀንጥሮ ገባ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ስልኩን እያየ። «ይኸው ገባሁ! ይሠራል እኮ!»

«በእኛ ዋይፋይ ስለሆነ ነው። አጥፋውና በራስህ ዳታ ሞክር።»

አጠፋው። ጠበቀ። ፊቱ ተኮሳተረ። «አይነፋም።»

ቪኤኖ ግን ትንሽ ቀለል አላት። ከቤት ውስጥ የሚገባ ከሆነ ማሽኑ ደህና ነው፤ ጨዋታውም ተነስቷል። የጠፋው ከውጭ የሚመጣውን ሰው ተቀብሎ ወደ ጓዳ የሚመራው ነው። እሱ ደግሞ ራውተሩ ነው። ላፕቶፕዋን አምጥታ ኮሪደር ውስጥ፣ ከራውተሩ ሥር መሬት ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። የራውተሩን ገጽ ከፈተች።

ያወጣችው ደንብ በቦታው ነበር፤ በጨዋታው ፖርት፣ ማለትም በመግቢያ በሩ፣ የሚያንኳኳ ሁሉ አሥራ ሁለት ቁጥር ወዳለው ማሽን ይሂድ ይላል። አንድ ፊደል አልተነካም። ከዚያ ቤቱ ውስጥ ማን የትኛውን ቁጥር እንደያዘ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ገለጠች። አነበበች። ደግማ አነበበች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምንድን ነው? ሰው ሞተ?» አለ ኢቫሪ።

«አሥራ ሁለት ቁጥርን ቴሌቪዥኑ ወስዶታል።»

«ምን?»

«ራውተሩ ሲነቀል የሰጠውን ቁጥር ሁሉ ይረሳል። ሲሰካ ቀድሞ ለመጣው ቀድሞ ይሰጣል። የእኔ ማሽን ደግሞ ሽማግሌ ነው፤ ተነስቶ እስኪቆም ቴሌቪዥኑ ቀደመው። ከውጭ የመጣ ሰው ሁሉ ተመርቶ የሚሄደው...»

«የአያትሽን ቴሌቪዥን ነው የሚያንኳኩት!» ኢቫሪ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ግድግዳውን ተደገፈ። «መንደሩ ሁሉ ተሰልፎ ቴሌቪዥን ያንኳኳል!»

ቪኤኖም ሳቀች። ግን ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ማሽኑን ስትተክል እናቷ ከስልክ ኩባንያው ለቤቱ ቋሚ የኢንተርኔት አድራሻ እንድታስወጣላት ለምና ነበር፤ ያ አድራሻ ዛሬም አልተለወጠም። ቋሚ የተባለው ግን ከውጭ ያለው ነው። ውስጡ ቋሚ አልነበረም። በበረዶው ወራት ነጎድጓድ ስለሌለ ጉድለቱ ሳይታይ ከረመ።

«በቃ ቀላል ነው» አለ ኢቫሪ። «ማሽንሽ አሁን ስንት ቁጥር ያዘ?»

«አሥራ አምስት።»

«ደንቡን ወደ አሥራ አምስት አዙሪው፤ አለቀ። ራውተሩ ላይ 'እንዳይነካ' የሚል ወረቀት ለጥፊ። ልጆቹ እንደሆኑ አውቀዋል፤ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

ስልኩን ዘረጋላት። በክፍላቸው ቡድን ውስጥ «የቪኤኖ አያት ኢንተርኔቱን ነቅለውታል» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ሳቅ ተደርድሯል። አንዱ «መብረቅ ሳይሆን አያት መታን» ብሏል።

«ሼም ነው፣ ኢቫሪ።»

«ምን አጠፋሁ? አንቺን ከወቀሳ ላወጣሽ ብዬ እኮ ነው! ደግሞስ አልነቀሉም?»

የወጥ ቤቱ በር ተንቋቋ። አያቷ የእቃ ፎጣ ይዘው ቆመዋል። ምን ያህሉን እንደሰሙ ከፊታቸው አይታወቅም፤ የታውኖ ፊት ለማንም ብዙ አያወራም።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት?»

ኢቫሪ የካልሲውን ጫፍ ማየት ጀመረ።

«ከእንግዲህ አልነካውም» አሉ አያቷ። ፎጣውን በጥንቃቄ አጠፉት። «የእናንተ ቀን ነው። አልነካውም።»

ልክ በዚያ ጊዜ ከሐይቁ ማዶ ሰማዩ ድጋሚ አጉረመረመ። ሩቅ ነው። የአያቷ እጅ በራሱ ወደ ሶኬቱ ተዘረጋ፤ ከዚያ ተመልሶ ኪሳቸው ውስጥ ገባ። እዚያው ቆዩ፤ ዓይናቸው ከራውተሩ በላይ ግድግዳው ላይ ያለውን ጥቁር ምልክት ያያል።

ምልክቱን ቪኤኖ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። እሳቸው ልጅ ሳሉ መብረቅ በስልክ ሽቦው ገብቶ ስልኩን ከግድግዳው ነቅሎ ገንፎ ድስት ውስጥ ከትቶታል። ግድግዳው ስንቴ ቀለም ቢቀባም ጥላሸቱ እየተመለሰ ይወጣል። አያቷ ከዚያ ቀን ወዲህ ለአንድም ነጎድጓድ ሶኬት ሳይነቅሉ አልቀሩም። ኮምፒውተሯም እስከ ዛሬ የሚሠራው ምናልባት በዚሁ ምክንያት ነው።

ጣቷ ላፕቶፑ ላይ ነበር። አሥራ ሁለትን አጥፍቶ አሥራ አምስት መጻፍ የአፍታ ሥራ ነው። በሩ ይከፈታል፤ ሰው ይገባል፤ ማንም አይጠይቃትም። አያቷ ግን ከእንግዲህ ነጎድጓድ በመጣ ቁጥር እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ይቆማሉ።

«አይሆንም» አለች።

«ምኑ?» አለ ኢቫሪ።

«አባባ ልክ ናቸው። ልክ ያልሆነው የእኔ ሥራ ነው።» ድምፅዋ ከለመደችው ከፍ ብሎ ወጣ። «መንገድ ዳር የተደረደሩትን የፖስታ ሳጥኖች አይተህ የለም? አባባ በእያንዳንዱ ላይ ስም ጽፈዋል። በረዶ ጠራጊው መኪና ገጭቶ ቢበትናቸው እንኳ ደብዳቤው አይጠፋም። እኔ ግን ለማሽኔ ስም ሳልጽፍለት ተውኩት።»

ማሽን ሁሉ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ የሚሰጠውና የማይለወጥ የራሱ መለያ አለው። ቪኤኖ የኮምፒውተሯን መለያ ከሠንጠረዡ ላይ ወሰደች፤ አሥራ ሁለት ቁጥር ለዚህ መለያ ብቻ እንዲጠበቅ፣ ማንም ቢቀድም ለሌላ እንዳይሰጥ አዘዘች። አስቀመጠችው። እያንዳንዱን ፊደል በጣቷ እየተከተለች አመሳከረች።

ከዚያ ቀና አለች።

«አባባ፣ ይንቀሉት።»

«አበድሽ እንዴ?» ኢቫሪ ጮኸ። «ሰዎቹ ሊመጡ ነው! ካልተነሳ በቃ ተበላን!»

«ካልተነሳ አሁኑኑ ልወቅ። ለዘንድሮ ነጎድጓድ ሁሉ አባባን ዘብ አላቆማቸውም።»

አያቷ አዩዋት። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም። እንደ ወትሮው።»

አያቷ የወትሮውን ያውቁበታል። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን፣ ቀጥሎ ራውተሩን፣ ከዚያ ጓዳ ገብተው ኮምፒውተሩን ነቀሉ። ቤቱ ጭር አለ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ብቻ ይሰማል። ትንሽ ጠብቀው በዚያው ቅደም ተከተል ሰኩ። ቴሌቪዥኑ ወዲያው በራ፤ አንድ ሰውዬ ስለ አበባ ማዳበሪያ ማውራት ጀመረ። ጓዳ ውስጥ አሮጌው ኮምፒውተር አቃሰተ።

«ኢቫሪ፣ ፖስታ ሳጥኖቹ ጋ ሂድ። የእኛ ዋይፋይ እዚያ አይደርስም።»

ባዶ እግሩን በእርጥቡ ሣር ላይ ሮጠ። ቪኤኖ ከመስኮቱ ቆመች። ትንፋሿ መስታወቱን ያደበዝዘዋል፤ በእጅጌዋ ትጠርገዋለች። ኢቫሪ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። እንደገና ሞከረ። ቪኤኖ ላፕቶፑን ወደ ማየት ዞረች፤ ቴሌቪዥኑ አሥራ ሦስት ይላል። አሥራ ሁለት ባዶ ነው። ይጠበቃል። ኮምፒውተሩ ገና እየተነሳ ነው።

«ቀስ ይላል እንጂ አይቀርም» አሉ አያቷ ከኋላዋ። «እንደኔው ነው።»

ባዶው መስመር ሞላ። በዚያው ቅጽበት ከመንገዱ ጩኸት ተሰማ። ኢቫሪ ሁለት እጁን ሰቅሎ በሳጥኖቹ ዙሪያ ይዘላል፤ የጎረቤት ውሻም አብሮት ይጮሃል።

አመሻሹ ላይ ሦስቱም ኮሪደሩ ውስጥ ነበሩ፤ ልጆቹ መሬት ላይ፣ አያቷ በርጩማ ላይ። በጨዋታው ትምህርት ቤት ግቢ ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች ይርመሰመሳሉ። አንዱ ምድጃውን ይዞራል፣ ሌላው በመስኮት ለመዝለል ይሞክራል። ከዚያ አንዲት ሴት በደረጃው ላይ ታየች። በዝግታ ወጣች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ብዙ ቆመች።

«ኢንተርኔቱ ተያዘ እንዴ?» አለ ኢቫሪ።

ከማያ ገጹ ሥር አንድ አንድ ፊደል እየለቀመ ጽሑፍ ወጣ። መምህርት ሄልቪ ነበሩ።

«ጫማዬን የት ላውልቅ?»

አያቷ ሳቁ። ድምፅ አውጥተው ሳቁ። ቪኤኖ መምህርቷን በጡብ ወደ ሠራችው የጫማ መደርደሪያ መራቻቸው። መደርደሪያውን ስትሠራ ልጆቹ «ይሄ ደግሞ ለምን ያስፈልጋል?» ብለዋት ነበር።

ኢቫሪ ስልኩን አውጥቶ የቡድኑን መልእክት ከፈተ። የቅድሙ ሳቅ አሁንም እዚያው አለ። ራሱን አከከ። «ላጥፋው?»

«ተወው።» ቪኤኖ በራሷ ስም ልትጽፍ ስለፈለገች የራሷን ስልክ አነሳች። ብዙ ጊዜ የሰው ብቻ የምታነብበት ቡድን ነው። «ስህተቱ የእኔ ነበር» ብላ ጻፈች። «የማሽኑን ቁጥር ሳላስጠብቅ ትቼው ነው። አሁን አባባ የፈለጉትን ያህል ቢነቅሉት ይመለሳል፤ ሞክረነዋል።» ላከችው። መልስ እስኪመጣ አልጠበቀችም።

ውጭ ሰማዩ ገና ብሩህ ነው። ነጎድጓዱ በሌላ በኩል አልፎ ሄዷል። አያቷ ድስቱን ጥደው ጨውና እንስላል ጨምረዋል። ገንዳው ውስጥ ጥቂት ድንች ቀርቶ ነበር። ቪኤኖ እጅጌዋን ሰብስባ የቀሩትን አንድ በአንድ ፈተገች፣ አጠበች፣ ድስቱ ውስጥ ጨመረች። ከዚያ ብሩሹን አራግፋ በሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።